ሲትረሱ ወዴት ሄደ? የሲትረስ፣ የአምበርና የዑድ ሽቶ ቆዳ ላይ እንዴት እንደሚውል

ጥያቄው፦ «ከላይ ብርቱካንና ቤርጋሞት፣ ከሥር አምበርና ዑድ ያለበት ኦ ደ ፓርፈም ገዛሁ። ገና ስረጨው ልቤን ይወስደዋል። 20 ደቂቃ ሳይሞላው ግን ያ ሁሉ ጠፍቶ የቁስል ፕላስተር የሚመስል ነገር ይመጣል። ሦስት ሰዓት ካለፈውማ ጭራሽ አይሸተኝም። እህቴ ከዚያው ብልቃጥ ስትረጭ ቫኒላ ቫኒላ ትላለች፤ እስከ ማታም አብሯት ይውላል። ሽቶው አስመስሎ የተሠራ ነው ወይስ ችግሩ ቆዳዬ ነው?»

ምላሽ፦

ከነገሩን ብቻ ተነስቶ «የውሸት ነው» ማለት አይቻልም። እንዲያውም በየደረጃው መልኩን መቀያየሩ ለሽቶው የሚመሰክርለት እንጂ የሚመሰክርበት አይደለም። ሲትረሱ፣ ማለትም የብርቱካንና የሎሚ ወገን የሆነው ጠረን፣ የጠፋው ተፈጥሮው ስለሆነ ነው። ፕላስተር የሚመስለው ዑዱ ነው፤ አጃቢ አጥቶ ለጥቂት ጊዜ ብቻውን ስለቀረ። የሦስት ሰዓቱ ዝምታ ደግሞ ከቆዳዎ ይልቅ የአፍንጫዎ ሥራ ይመስላል። ቆዳም የራሱ ድርሻ አለው፤ ሰው እንደሚያወራው ያህል ግን አይደለም።

ከሲትረሱ እንጀምር። የብርቱካን ልጣጭ ዘይት ከ90 በመቶ በላይ ሊሞኒን የሚባል አንድ ውህድ ነው። ሊሞኒን ቀላል ሞለኪውል ነው፤ ክብደቱ 136። የዑድና የአምበር ሞለኪውሎች አብዛኞቹ ከ200 በላይ ይመዝናሉ። ክብደት ብቻውን ሁሉን አይወስንም፤ የቫኒላን ጠረን የሚሰጠው ቫኒሊን 152 ብቻ እየመዘነ ቀኑን ሙሉ የሚቆየው ሞለኪውሎቹ እርስ በርሳቸውም በዙሪያቸው ካለውም ነገር ጋር ስለሚያያዙ ነው። ሊሞኒን ግን የሚይዘው የለውም።

አንድ ርጭት በአማካይ 0.1 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው እንበል፤ ከመርጫ መርጫ ይለያያል። በውስጡ ያለው የሽቶ ዘይት 15 በመቶ ከሆነ፣ አልኮሉ ተንኖ ሲያልቅ ቆዳ ላይ የሚቀረው የሽቶ ዘይት ወደ 12 ሚሊ ግራም ይጠጋል። ከዚያ ሲሶው ሲትረስ ቢሆን 4 ሚሊ ግራም። ይህችን 4 ሚሊ ግራም መዳፍ በሚያህል ስፋት ላይ ዘርግተው ከሥሯ ከ32 እስከ 34 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚሞቅ ቆዳ ያድርጉባት። ሩብ ሰዓት መቆየቷም ደግ ነው።

ሲትረስ ሁሉ ግን አንድ ዓይነት አይደለም። ሎሚና «ላይም» የሚባለው አረንጓዴ ሎሚ ከሁሉ ቀድመው ይሄዳሉ፤ ብርቱካን ይከተላቸዋል። ቤርጋሞት የሚባለው የሲትረስ ፍሬ ከሊሞኒኑ ሌላ ብዙ ሊናሊል አሲቴት አለው፤ ከዘይቱ ሩብ አካባቢ፣ አንዳንዴም ሲሶ ይደርሳል። ይህ ውህድ ላቬንደርን የሚያስታውስ ለስላሳ ጠረን አለው፣ ከሊሞኒንም ትንሽ ይዘገያል። ግሬፕፍሩት ውስጥ ደግሞ ኑትካቶን የሚባል ክብደቱ 218 የሆነ ውህድ አለ። መጠኑ ጥቂት ቢሆንም ጭማቂው ካለፈ በኋላ መራራ፣ ልጣጭ ልጣጭ የሚል ነገር ትቶ ይቆያል። በእርስዎ ሽቶ ውስጥ ያሉት ብርቱካንና ቤርጋሞት ስለሆኑ፣ ብርቱካኑ በ10 ደቂቃ አካባቢ ቢያልፍ፣ የቤርጋሞቱ ለስላሳ ጎን ደግሞ እስከ ግማሽ ሰዓት ቢጎተት የሚጠበቀው ይኸው ነው።

«ሲትረሱ ቀኑን ሙሉ ይቆያል» ተብሎ የሚሸጥ ሽቶም አለ። ሽቶ ቀማሚው ብርቱካኑን እየጨመረ አያቆየውም፤ ቢጨምርም አብሮ ይተናል። የሚያደርገው ብርሃንና ትኩስነት የሚሰጡ ከባድ ውህዶችን፣ ለምሳሌ ሄዲዮንን፣ ከሲትረሱ ሥር ማስገባት ነው። ከሁለት ሰዓት በኋላ «አሁንም ሲትረስ ይሸተኛል» የሚል ሰው የሚያሸተው እሱን ነው።

አሁን ወደ ፕላስተሩ። ሲትረስ ራሱ ከመሽተቱም በላይ ሌላውን ይሸፍናል፤ ጠንከር ያለ ብርቱካን ባለበት አፍንጫ ለጭስና ለሬንጅ ቦታ አይሰጥም። በ20ኛው ደቂቃ ሽፋኑ ይነሳል። አምበሩ ግን ገና አልተነሳም፤ የተሠራባቸው ሙጫዎች ከባድ ስለሆኑ ወደ አየር የሚወጡት ቀስ እያሉ ነው። በዚህ ክፍተት ውስጥ ዑዱ ብቻውን ይናገራል። ይህ ክፍተት አብዛኛውን ጊዜ ከ20ኛው እስከ 60ኛው ደቂቃ ይዘልቃል፤ ሰው የዚህን ዓይነት ሽቶ በስህተት የሚፈርድበትም እዚሁ ላይ ነው።

ዑድ ማለት አኲላሪያ የሚባለው የደቡብና የደቡብ ምሥራቅ እስያ ዛፍ ቆስሎ ፈንገስ ሲገባበት ራሱን ለመከላከል የሚያመነጨውን ጥቁር ሙጫ የጠጣ እንጨት ነው። ያልተነካው እንጨት ነጣ ያለ፣ ቀላልና ይህ ነው የሚባል ሽታ የሌለው ነው። ሙጫ የጠጣው ክፍል ከመጣራቱ በፊት ለቀናት፣ አንዳንዴም ለሳምንታት ውኃ ውስጥ ይዘፈዘፋል፤ በተፈጥሮ ዑድ ዘይት ላይ የከብት በረት ወይም የአይብ ጠረን የሚሰማው በአብዛኛው ከዚህ መፍላት ነው። ዘይቱ እጅግ ውድ ነው። የአኲላሪያ ዝርያዎች በሙሉ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ለአደጋ የተጋለጡ እንስሳትና ዕፅዋት ንግድን በሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ ስምምነት፣ በሳይትስ፣ ሁለተኛ አባሪ ሥር ስለሆኑ ንግዱ በፈቃድ ነው። ስለዚህ በፋብሪካ ሽቶ ላይ «ዑድ» ተብሎ የሚጻፈው በአብዛኛው ቅንብር ነው፤ ሳይፕሪዮል፣ ጓያክ እንጨት፣ ፓቹሊ፣ የበርች ሬንጅ፣ ሳፍሮን የሚመስሉ ውህዶች፣ ከእነዚህም ጋር «እንጨት አምበር» የሚባሉ ኃይለኛ ሰው ሠራሽ ውህዶች ተደባልቀው። ይህ ማታለል አይደለም፤ ሙያው እንዲህ ነው የሚሠራው።

ፕላስተር የሚያሰኙት ከእነዚህ ውስጥ ፌኖል ነክ የሆኑት ናቸው፦ ጓያኮል፣ ክሬሶልና ዘመዶቻቸው። ዑዱ ጭስ፣ ሬንጅና የተለፋ ቆዳ የሚሸተው በእነሱ ነው። ፌኖልና ክሬሶል ድሮ ለቁስልና ለመሣሪያ ማጽጃነት ስላገለገሉ አእምሮ ወዲያው ወደ ሐኪም ቤት ይወስዳቸዋል። ሁለተኛው ተጠርጣሪ እንጨት አምበሮቹ ናቸው፤ በኢምንት መጠን አፍንጫ የሚወጉ፣ አንዱን ሰው የቁስል አልኮል የሚያሸቱት፣ ሌላው ደግሞ ጭራሽ የማይሸቱት ውህዶች። ሁለቱን የሚለየው ጊዜ ነው። ፌኖሉ ከሆነ በ90ኛው ደቂቃ አምበሩ ይደርስበትና ወደ ጭስና ቆዳ ይለሰልሳል። እንጨት አምበሮቹ ከሆኑ ግን ሰዓቱ በገፋ ቁጥር ይበልጥ ይሾላሉ እንጂ አይለሰልሱም፤ በማግስቱም ልብስ ላይ የሚገኙት እነሱ ናቸው። ይህን ልዩነት ሳያዩ ብልቃጡ ላይ አይፍረዱ።

አምበር የሚለው ስም ራሱ ያሳስታል። ለጌጥ የሚሆነው ቢጫ የደነደነ ሙጫ አይደለም። ከስፐርም ዓሣ ነባሪ አንጀት የሚወጣው አምበርግሪስም አይደለም። በሽቶ ቋንቋ አምበር ማለት ላብዳነም፣ ቤንዞይንና ቫኒላ ሲገናኙ የሚፈጠረው ሞቅ ያለ ጣፋጭ ጠረን ነው። ላብዳነም ሲስተስ ከሚባል የሜዲትራኒያን ቁጥቋጦ ቅጠልና ቀንበጥ የሚሰበሰብ ተጣባቂ ሙጫ ሲሆን ማር፣ ደረቅ ፍሬና ቆዳ ይሸታል። ቤንዞይን ከስታይራክስ ዛፍ የሚፈስ ሙጫ ነው፤ ራሱም ወደ ቫኒላ ያዘነብላል። ቫኒሊን እ.ኤ.አ. ከ1874 ጀምሮ በላቦራቶሪ መሠራት ስለቻለ ዛሬ በአብዛኞቹ አምበሮች ውስጥ ያለው እሱ ነው። ሳጥኑ ላይ «አምበር» ተብሎ ውስጡ አምብሮክሳን የሚባለው ውህድ ብቻ ከሆነ ግን የሚጠብቁት ጣፋጭነት አይመጣም፤ አምብሮክሳን ደረቅ፣ ጨው ጨው የሚልና የታጠበ ቆዳ የሚመስል ነው። እህትዎ ላይ ቫኒላ ከወጣ የእርስዎ ሽቶ የሙጫው ዓይነት አምበር አለው ማለት ነው፤ እርስዎም ላይ አለ። ጥያቄው ለምን አልደረሱበትም የሚለው ነው።

እዚህ ላይ ነው ቆዳ የሚገባው። ትልቁ ልዩነት ወዝ ነው። ወዛም ወይም በቅባት የለሰለሰ ቆዳ የሽቶውን ዘይት ያሟሟዋል፣ ይይዘዋል፣ ቀስ እያለ ይለቀዋል። ደረቅ ቆዳ ላይ ቀላሎቹ ቶሎ ይተናሉ፤ ከሲትረሱ ወደ ዑዱ የሚደረገው ሽግግርም ቁርጥ ያለና ጎርባጣ ይሆናል። ሁለተኛው ሙቀት ነው። የ10 ዲግሪ ልዩነት የእነዚህን ውህዶች ትነት ወደ እጥፍ ይጠጋዋል፤ ስለዚህ የሞቀ ደረትና የቀዘቀዘ ክንድ አንዱን ሽቶ በሁለት ፍጥነት ያሳዩታል። ሦስተኛው አስቀድሞ ቆዳው ላይ ያለው ነገር ነው። እህትዎ ጣፋጭ ሽታ ያለው ሎሽን የምትቀባ ከሆነ ከቫኒላው ከፊሉ የሎሽኑ ሊሆን ይችላል።

«የቆዳ ፒኤች ሽቶን ይለውጣል» የሚለውን ብዙ አይመኑት። ጤነኛ ቆዳ በአብዛኛው ከ4.5 እስከ 6 ባለው ውስጥ ነው፤ በሁለት ሰዎች መካከል ያለው ይህን የምታህል ልዩነት ብርቱካንን በ20 ደቂቃ ፕላስተር አታደርግም።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ብዙ ሰው የማያስተውለው አንድ ነገር አለ። እህትዎን የሚያሸትቷት ምናልባት አንድ ሜትር ርቀት ላይ ሆነው ነው፤ ራስዎን ግን አፍንጫዎን የእጅ አንጓዎ ላይ ደፍተው። ቆዳ ላይ ተደፍተው ሲያሸትቱ ከባዱና ጭሳሙ ነገር ሁሉ በአንድ ጊዜ ይገባል፤ አየር ላይ ወጥቶ የሚያውደው ግን ሌላ ድብልቅ ነው። እስኪ ክንድዎን ዘርግተው በሌላኛው እጅዎ አየሩን ወደ ፊትዎ ያራግቡ፤ ፕላስተሩ ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል።

የሦስት ሰዓቱን ዝምታ በተመለከተ፣ አፍንጫ ሳያቋርጥ የሚደርሰውን ሽታ መዝገቡን ይዘጋበታል። ይህ ሁሉንም ሽቶ የሚመለከት ቢሆንም በአምበርና በእንጨት መሠረት ላይ ይብሳል፤ እነዚህ ውህዶች ሳይዋዥቁ በዝግታና በእኩል ስለሚወጡ አንጎል እንደ አካባቢው አየር ይቆጥራቸዋል። በዚያ ላይ እንደ ጋላክሶላይድ ያሉ ምስኮችን፣ አይሶ ኢ ሱፐር የሚባለውን እንጨት እንጨት የሚል ውህድና አምብሮክሳንን ከተፈጥሯቸው በደካማው የሚያሸቱ ወይም ጭራሽ የማያሸቱ ሰዎች አሉ። ስለዚህ ለራስዎ ስላልሸተተዎት ብቻ በላዩ ላይ አይርጩ። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ ከርጭቱ በፊት ጨርቅ ወይም ሻሽ ላይ አንዴ ይርጩና ሌላ ክፍል ውስጥ ይተዉት። ሦስት ሰዓት ሲሞላ ለግማሽ ሰዓት ያህል ንጹህ አየር ያግኙና ተመልሰው ጨርቁንም የተረጨውን ክንድዎንም ያሽትቱ። ጨርቁ ጎልቶ ከሸተተዎትና ክንድዎ ዝም ካለ ሽቶው ከቆዳዎ ላይ ተንኗል ወይም ተመጥጧል። ሁለቱም ዝም ካሉ ያንን ሽታ አፍንጫዎ አያነበውም፤ ያኔ ሌላ ሰው ይጠይቁ። ክንድዎም ከሸተተዎት መጀመሪያም አልጠፋም ነበር።

ሽቶውን በትክክል ለመመርመር ሦስት የተለያዩ ቀናት ይፈልጋሉ፤ አፍንጫ በየቀኑ አንድ አይደለምና። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ሁለቱንም ክንድዎን ሽታ በሌለው ሳሙና ይታጠቡና 20 ደቂቃ ያድርቁ። ግራ ክንድዎን፣ ከክርን እጥፋት ወደ ታች አራት ጣት ያህል፣ የባቄላ ፍሬ የምታህል ሽታ የሌለው ሎሽን ወይም ከዚያም ያነሰ ቫዝሊን ይቀቡ፤ ቀኙን ባዶ ይተዉት። ቅባቱ እስኪገባ 10 ደቂቃ ይጠብቁ። ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ርቀው እያንዳንዱ ላይ አንዳንዴ ይርጩ። ቀርበው ከረጩት ይጠራቀምና ይፈሳል፤ አልኮሉም ቶሎ ስለማይወጣ የመጀመሪያው ሽታ ይወጋል። ሦስተኛ ርጭት ወፈር ያለ ነጭ ወረቀት ላይ ያድርጉ። ወረቀት ሙቀትም ወዝም ስለሌለው ቅንብሩ በራሱ ምን እንደሚመስል ያሳይዎታል።

የመጀመሪያዋን ደቂቃ ይለፏት፤ አልኮል ነው። ከዚያ በ2፣ በ10፣ በ30፣ በ60 እና በ90 ደቂቃ፣ ከዚያም ከረጩ ከ4 እና ከ8 ሰዓት በኋላ ያሽትቱ። በየጊዜው በመጀመሪያ ከአንድ ክንድ ርቀት፣ ቀጥሎ ቀርበው፤ በመሃል ያልተረጨ የልብስዎን ክፍል ወይም የክርንዎን እጥፋት አሽትተው አፍንጫዎን ያሳርፉ። የቡና ፍሬ ማሽተት ከዚህ የተሻለ ምንም አያደርግም። ለእያንዳንዱ ጊዜ ሁለት ቃል ብቻ ይጻፉ፤ «ብርቱካን፣ ሳሙና»፣ «ፕላስተር፣ ጭስ»፣ «ማር፣ እንጨት» እያሉ። ሌላ ሽቶ በዚያን ቀን አይንኩ።

የውጤቱ ንባብ ይህን ይመስላል። ፕላስተሩ በባዶው ክንድ ላይ ብቻ ጎልቶ በቅባቱ ላይ ከለሰለሰ ችግሩ ድርቀት ነው፤ መድኃኒቱም በእጅዎ ነው። በሁለቱም ክንድ ላይ ኖሮ ወረቀቱም ላይ ካለ ቅንብሩ ነው። ክንድ ላይ ኖሮ ወረቀቱ ላይ ከሌለ ከሳሙና፣ ከሎሽን ወይም ከላብ የቀረ ነገር ይፈልጉ። ሲትረሱ ወረቀቱም ላይ ሦስት ደቂቃ ካልቆየ ግን ዓይንዎን ወደ ብልቃጡ ያዙሩ።

ስለ አረጫጨት። ይህ ዓይነቱ ሽቶ ሁለት ርጭት ይበቃዋል፤ ለደጅ ሦስት። ለእርስዎ የሚሻለው አንዱን ልብስ የሚሸፍነው ደረት ላይ፣ ሁለተኛውን ከአንገት ኋላ ማድረግ ነው። አንጓ ላይ አይደለም፤ አንጓ ይታጠባል፣ ጠረጴዛ ላይ ይሻሻል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ወደ አፍንጫ በጣም ይቀርባል። ደረት ላይ ያለው ከልብሱ ሥር ሞቆ ቀስ እያለ ይወጣል፤ እስኪደርስዎት ድረስ ከአየር ጋር ተቀላቅሏል። ከርጭቱ በፊት እንደ ምርመራው ሽታ የሌለው ቅባት ይቀቡ። አንጓ ላይ ከረጩም አያፋትጉ። ማፋተግ «ሞለኪውሉን ይሰብራል» የሚባለው ውሸት ነው፤ ነገር ግን ያሞቀዋል፣ ያሰፋዋል፣ ከፊሉን ይጠርገዋል። የዚህ ሁሉ ዋጋ ከፋይ ሲትረሱ ነው።

ሲትረሱ ሲናፍቅዎት ከዚሁ ብልቃጥ መድገም ትልቁ ስህተት ነው። አንድ ርጭት በጨመሩ ቁጥር ሲትረስ የሚያገኙት ለ10 ደቂቃ ነው፤ ዑዱና አምበሩ ግን ከቀድሞው ላይ ይደረባሉ። በሦስተኛው ድግምግሞሽ ላይ እርስዎ አይሸተዎትም፣ ከጎንዎ የተቀመጠው ሰው ግን ራሱን ይይዛል። ሲትረስ ከፈለጉ ለብቻው ቀለል ያለ የሲትረስ ኮሎኝ ይያዙና ከላይ አንዴ ይርጩበት። መሠረቱ ሳይነካ ላዩ ይታደሳል።

ልብስ ላይ መርጨት ዕድሜውን ያረዝመዋል፤ ጥጥና ሱፍ እስከ ማግስቱ ይይዙታል። ግን ቫኒሊንና ላብዳነም ነጭ ጨርቅ ላይ ቢጫ ያደርጋሉ፣ ሐር ላይ ደግሞ አልኮሉ ራሱ ክብ ምልክት ይተዋል። ከውስጥ ስፌት ላይ አንዴ ሞክረው አንድ ሌሊት ሳያሳድሩ አይርጩ።

ፀሐይ ላይ ስለመውጣት አንድ ነገር አለ። በጭመቃ የወጣ የቤርጋሞት ዘይት ቤርጋፕተን የሚባል ውህድ አለው፤ ቆዳ ላይ እያለ ፀሐይ ሲያገኘው ያቃጥላል፣ ለወራት የማይለቅ ቡናማ ጥላ ይተዋል። ዓለም አቀፉ የሽቶ ማኅበር፣ ኢፍራ፣ ቆዳ ላይ በሚቆዩ ምርቶች ውስጥ የዚህን ዘይት መጠን 0.4 በመቶ ላይ ስለገደበውና ብዙ አምራቾችም ቤርጋፕተኑ የወጣለትን ዘይት ስለሚጠቀሙ በታወቀ ምርት ላይ ስጋቱ ትንሽ ነው። ሰው በቤቱ ከቀመመው ወይም ምንጩ ካልታወቀ ግን አንገትዎ ላይ ረጭተው ፀሐይ ላይ አይውጡ።

ብልቃጡን መጠርጠር ያለብዎት መቼ ነው? ሲትረስ ከሁሉ ቀድሞ ይበላሻል። ሊሞኒን ከኦክስጅን ጋር እየተገናኘ ሲሄድ የብርቱካኑ ብርሃን ይደበዝዝና ገና ሲረጭ ተርፐንታይን ወይም የቆየ የጥፍር ቀለም የሚመስል ሽታ ይመጣል። በዚህ መንገድ የሚፈጠሩት ሃይድሮፐርኦክሳይዶች ቆዳን አለርጂ ከሚያደርጉት ዋና ዋናዎቹ ውስጥ ስለሆኑ፣ እንዲህ የሸተተ ሽቶ ቢያሳክክ አይገርምም፤ ቆዳ ላይ መጠቀሙን ይተዉት። የቀለም መጥቆር ብቻውን ግን ምልክት አይሆንም፤ ቫኒሊን ያለበት ሽቶ ሳይበላሽም ወደ ቡናማ ይሄዳል። ብልቃጡን በሳጥኑ፣ በጨለማና በቀዝቃዛ ቦታ ያስቀምጡ፤ በእንፋሎት የሚሞቅ መታጠቢያ ቤት የመጨረሻው ምርጫ ነው። ከግማሽ በታች ሲወርድ ባዶው ቦታ በአየር ስለሚሞላ ወደ ትንሽ ብልቃጥ አፉ ድረስ ሞልቶ ማዘዋወር ሲትረሱን ያቆያል። «አዲስ ሽቶ ትንሽ ተረጭቶ አየር ገብቶበት ይብሰል» የሚለው ምክር ደግሞ ለዚህ ዓይነት ሽቶ ተቃራኒውን ነው የሚያደርገው።

አስመስሎ የተሠራ ሽቶ ብዙውን ጊዜ ራሱን የሚያጋልጠው በጉዞው ነው። በ5ኛው ደቂቃና በሁለተኛው ሰዓት አንድ ዓይነት ይሸታል፣ ወይም ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ድራሹ ይጠፋል። ይህም ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ በሳጥኑና በብልቃጡ ሥር ያሉት የምርት ኮዶች መመሳሰላቸውን፣ የርጭቱን ልስላሴና የክዳኑን ልክ አብሮ ማየት ያስፈልጋል። የእርስዎ ግን ከብርቱካን ወደ ጭስ፣ እህትዎ ላይም ወደ ቫኒላ የተጓዘ ነው፤ በዚህ መለኪያ አይጠረጠርም።

ከሦስቱ ቀን ምርመራ በኋላ በተቀባው ክንድዎ ላይ፣ በ90ኛው ደቂቃ፣ ከአንድ ክንድ ርቀትም ፕላስተሩ ካልለቀቀ ቅንብሩ ከአፍንጫዎ ጋር አልተስማማም፤ ብልቃጡን ለእህትዎ ይስጧት። ሌላ ሲፈልጉ ከሲትረስ በኩል ቤርጋሞት ወይም ግሬፕፍሩት፣ ከአምበር በኩል ላብዳነምና ቤንዞይን በስም የተጠቀሱበትን፣ ዑዱ ከሰንደል እንጨት ጋር የተጣመረበትን ይምረጡ። ሱቅ ውስጥ ክንድዎ ላይ አንዴ ረጭተው ይውጡና ገንዘቡን ከመክፈልዎ በፊት 90ኛውን ደቂቃ ይጠብቁት።